ሁለት አምፖል ይበቃናል

አባቴ መሪጌታ አሥራተ ማርያም በሰቆጣ በሁለት ነገር ይታወቁ ነበር፤ በባሕረ ሐሳብ ዐዋቂነታቸውና ተሳሳትሁ ብለው ባለማወቃቸው። ስለ መጀመሪያው የደብሩ ሰው ሁሉ ይመሰክርላቸዋል። ስለ ሁለተኛው እኔ እመሰክራለሁ፤ አብሬያቸው የኖርሁት ሴት ልጃቸው ይታየሽ ነኝ። ጽጽቃ በምትባል አገር ተድሬ ሁለት ዓመት ቆይቼ ወደ አባቴ ቤት ተመልሻለሁ። ለምን እንደ ተመለስሁ ለዚህ ታሪክ አይጠቅምምና አልጽፈውም።

ባሕረ ሐሳብ ጾምና በዓል በየትኛው ቀን እንደሚውሉ የሚታወቅበት የቤተ ክርስቲያን ሒሳብ ነው። የሒሳቡ ጠባይ እንዲህ ነው። ትልቁን ቁጥር በትንሹ ይገድፉታል፤ ማለትም ትንሹን ቁጥር ከትልቁ ላይ እየቀነሱ እየቀነሱ ይጥላሉ። ስንት ጊዜ እንደ ጣሉ ማንም አይጠይቅም። የሚፈለገው በመጨረሻ የምትቀረው ትራፊ ናት። ዓመተ ዓለሙ ሰባት ሺህ ምናምን ሆኖ በዐሥራ ዘጠኝ ሲገደፍ ዘጠኝ ቢተርፍ፣ የዚያን ዓመት ጾም የምታወጣው ያቺ ዘጠኝ ናት። አባባ ይህን ሁሉ በጣታቸው አንጓ ላይ ሲቆጥሩ ከንፈራቸው እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር። ዐርባ ዓመት ሙሉ ብዙውን እየጣሉ ትንሿን ሲይዙ የኖሩ ሰው ናቸው።

እኔን አላስተማሩኝም። ሴት ልጅ ባሕረ ሐሳብ ምን ያደርግላታል ይሉ ነበር። እኔ ግን ተማሪዎቹ በግቢያችን ትምህርታቸውን ጮክ ብለው ሲቀጽሉ እህል እየለቀምሁ እሰማለሁ። ጆሮ ደግሞ ፈቃድ አይጠይቅም።

ካስተማሯቸው ሁሉ የበለጠው ወንድሜ ምንዋጋው ነበር። በአራት ዓመት ይበልጠኛል። እናታችን በልጅነታችን ስለ ሞተች በጀርባው አዝሎ ያሳደገኝ እሱ ነው። አባባ ወንበራቸውን እንደሚያወርሱት ለማንም አልተናገሩም፤ ግን ተማሪ ሁሉ ያውቅ ነበር። በ1948 ዓ.ም. ወረቀትና ቀለም እንዲገዛ ወደ ኮረም ላኩት። የሁለት ቀን መንገድ ነው። እዚያ አንድ የወፍጮ ሞተር አየ። ሞተሩ እህል ከመፍጨቱም በላይ በደጃፉ ላይ የተንጠለጠለ አምፖል ያበራ ነበር። ምንዋጋው ሁለት ቀን መቆየት ሲገባው ስምንት ቀን ቆይቶ መጣ።

ከመጣ በኋላ ሌላ ወሬ የለውም። ሲበላ ሞተር፣ ውሃ ሲቀዳ ሞተር፣ ተማሪዎቹን ሲያስቀጽል እንኳ ሞተር። አባባ አንድ ጠዋት በተማሪዎቹ ፊት፣

"ምንዋጋው፣ ወይ መጽሐፉን ወይ ሞተሩን ያዝ። ሁለት ልብ ይዘህ ከኔ ጉባኤ አትቀመጥም" አሉት።

ወንድሜ በማግሥቱ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወጥቶ ሄደ። እኔን ተሰናብቶኛል፤ ራሴን ስሞኝ "ቶሎ እመጣለሁ" አለኝ። ቶሎ የሚባለው ነገር ርዝመቱ ስንት እንደሆነ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ዘጠኝ ዓመት አባባ ስሙን አልጠሩም። ዝም ያሉ እንዳይመስላችሁ። በገበያ ቀን ከቆላ የመጡት ጨው ነጋዴዎች ከሰፈሩበት ሄደው ይቀመጣሉ። ጨው የማይገዛ መሪጌታ ጨው ነጋዴ ዘንድ ምን ይሠራል? "መንገዱ ሰላም ነው ወይ?" ብለው ይጠይቃሉ። "ኮረም እንዴት ሰነበተ? ከዚያስ ወዲያ፣ እስከ አስመራ ያለው መንገድ?" ይላሉ። ነጋዴዎቹ ስለ መንገዱ ይነግሯቸዋል፤ አባባም ስለ መንገዱ ሰምተው ይመለሳሉ። ልጄን አይታችሁታል ወይ ብለው ቢጠይቁ ምን ነበረበት እያልሁ በልቤ እናደድ ነበር። በዚያ ቀን ማታ እህል አይቀምሱም። ከራሳቸው ጋር የሚነጋገሩትም በኽምጣንጋ ነው። አባባ በግእዝ ይጸልያሉ፣ በአማርኛ ያስተምራሉ፤ ሲያዝኑ ግን የእናታቸውን ቋንቋ ነው የሚናገሩት።

በሃምሳ ስድስት ዓ.ም. ዓይናቸው መድከም ጀመረ። ቤተ ክርስቲያናችን ከአለት የተፈለፈለ ስለሆነ ቀትር ላይ እንኳ ውስጡ ጨለማ ነው፤ ያለ ጧፍ መጽሐፍ አይነበብም። አባባ በአንድ ጧፍ ያነቡት የነበረውን በሁለት፣ ኋላም በሦስት ማንበብ ጀመሩ። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደጃፉ ላይ ቆም ብለው፣

"ይታየሽ፣ ይህ ዓይን ሳይጠፋ አንድ ጊዜ ባየው" አሉኝ።

ማንን ብዬ አልጠየቅሁም። ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ።

ደብዳቤው የመጣው በታኅሣሥ 1957 ዓ.ም. ነው። በሰቆጣና በኮረም መካከል የሚመላለሰው ነጋዴ አቶ ብዙነህ ነው ያመጣልን። አባባ የውጭውን ጽሕፈት ገና ሲያዩት ዐወቁት፤ ፊደሉን ያስተማሩት እሳቸው አይደሉ? ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። እንዲህ ይላል።

"ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ አሥራተ ማርያም። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አስመራ ከገበያው በስተጀርባ ካለው የሞተር መጠገኛ ሱቅ እሠራለሁ። ለመጪው ሆሣዕና እመጣለሁ። ስመጣ በበቅሎ የሚጫን ትንሽ ሞተር ይዤ በቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ መብራት አበራለሁ። ስንት አምፖል ይዤ እንደምመጣ ግን እርስዎ ያስሉልኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። መብራቱን በሽቦው ውስጥ የሚገፋው ጉልበት ቮልት ይባላል፤ ይህ ሞተር 214 ቮልት ይገፋል። በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ብዛት አምፔር ይባላል፤ ሞተሩ ከ3 አምፔር በላይ አይችልም። ቮልቱን በአምፔሩ ቢያበዙት የሞተሩ ኃይል ይገኛል፤ ስሙ ዋት ነው። ቮልቱን ለአምፔሩ ቢያካፍሉት ደግሞ ሽቦውና አምፖሉ አላሳልፍም ብለው የሚቃወሙበት ልክ ይገኛል፤ ስሙ ኦም ነው። እያንዳንዱ አምፖል 40 ዋት ይበላል። እንግዲህ ኦሙ ስንት ነው? አምፖሉስ ስንት ይሆናል? መልስዎን እጠብቃለሁ። ይታየሽን ሳሙልኝ።"

አባባ ሳቁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሲስቁ ሳይ ይህ መጀመሪያዬ ነበር።

"ተማሪ መምህሩን ሲጠይቅ አየሽ? ይፈትነኛል እኮ ይኼ ልጅ" አሉ።

እንደ ገባኝ ከሆነ ፈተና አልነበረም። ወንድሜ ስንት አምፖል እንደሚያስፈልገው ከአባባ የተሻለ ያውቃል። ለመታረቅ የሚያበቃ ቃል ስላጣ ሒሳብ ሰደደላቸው። ሁለቱም ሲፋቀሩ በቁጥር እንጂ በሌላ ቋንቋ አይሆንላቸውም፤ እኔ በመካከላቸው ቆሜ የምቃጠለውም በዚሁ ነው።

አባባ በዚያው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አሰሉት። ሁለት መቶ ዐሥራ አራትን በሦስት አበዙ፤ ስድስት መቶ ዐርባ ሁለት ሆነ። ይህ የሞተሩ ኃይል ነው፤ እስከዚህ ትክክል ናቸው። ከዚያ አምፖሉን ለማግኘት በዐርባ ገደፉት። ዐርባ፣ ዐርባ፣ ዐርባ እያሉ ጣሉ፤ ስድስት መቶ ዐርባው ሄደ፤ ሁለት ተረፈ። ኦሙን ለማግኘት ደግሞ ሁለት መቶ ዐሥራ አራትን በሦስት ገደፉት። ሁለት መቶ ዐሥራ ሦስቱ ሄደ፤ አንድ ተረፈ።

"ኦም አንድ፣ አምፖል ሁለት" አሉ። ትንሽ አሰቡና ፊታቸው ይበልጥ ፈካ። "ዘንድሮ መጥቅዑም ሁለት ነው። ልክ ነው።"

መጥቅዕ የዓመቱን ጾም ከሚያወጡት ቁጥሮች አንዱ ነው። በዚያ ዓመት በእውነትም ሁለት ነበር። እንግዲህ አባባን ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳቸዋል? አንዱ አምፖል ለመቅደሱ፣ አንዱ ለቅኔ ማኅሌቱ፤ ለሦስተኛው ቦታ እንኳ የለውም አሉ። እኔ በቅሎ ሙሉ ሞተር ተጭኖ ለሁለት አምፖል መምጣቱ ገርሞኛል። ግን ምን ብዬ? ሴት ሒሳብ ምን ታውቃለች ይሉኛል ብዬ አፌን ያዝሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

መልሱን ሲጽፉ አጠገባቸው ነበርሁ። "ኦም አንድ። አምፖል ሁለት። ሁለት አምፖል ይበቃናል።" ከሥሩ ስማቸውን ጻፉ። ሌላ ምንም የለውም።

"አባባ፣ ናፍቀኸናል የሚል ይጨምሩበት" አልኋቸው።

"ሲመጣ በአፌ እነግረዋለሁ። ደብዳቤ ላይ የሚጻፈው ቁም ነገር ነው" አሉኝ።

ደብዳቤውን ለአቶ ብዙነህ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ሆሣዕና በዚያ ዓመት ሚያዝያ ዐሥር ቀን ዋለ። አባባ ከሳምንት በፊት ቤቱን አስለቀለቁኝ። ሞተሩ የሚቆምበትን ቦታ ከአለቱ ውጭ መርጠው ድንጋዩን አስነሡ። ነጭ ጋቢያቸውን አጠብሁላቸው። ዕለቱ ሲደርስ ሰው ሁሉ ዘንባባውን ይዞ ሲዞር እሳቸው ከኮረም የሚመጣው መንገድ ወደሚታይበት አፋፍ ሄዱ። በዚያን ጊዜ በሩቁ የሚመጣውን ሰው ከዛፍ ይለዩ ነበር። ፊቱን ግን ቀረብ ካላለ አይለዩትም። ስለዚህ መንገደኛ በመጣ ቁጥር ጥቂት ወርደው ይቀበሉታል፤ ሌላ ሰው መሆኑን ሲያዩ "እንደምን ዋልህ" ብለው ይመለሳሉ።

አልመጣም።

"መንገድ ይዞት ነው፤ ለፋሲካ ይደርሳል" አሉ። ፋሲካ ዋለ። ከፋሲካ በኋላ ያሉትን በዓላት እንደሳቸው የሚያውቅ ማን አለ? "ለርክበ ካህናት" አሉ፤ ሃያ አራት ቀን ቆጠሩ። "ለዕርገት" አሉ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ቆጠሩ። "ለጰራቅሊጦስ" አሉ፤ ዐርባ ዘጠኝ ቀን ቆጠሩ። ከዚያ የሐዋርያት ጾም ገባ፤ ክረምቱም መጣ። ተከዜ ሲሞላ፣ ወንዙ ሁሉ ሲቆጣ፣ መንገደኛ የሚባል ሲጠፋ መቁጠራቸውን ተዉ። በሚቀጥለው ዓመት ግን አዲሱን ዓመት ሲያሰሉ እንደገና ከሆሣዕና ጀመሩ።

ሰው ሲናፍቅ እንዲህ እንደሚሆን ያየሁት ከሳቸው ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ለሦስት ሰው የሚበቃ እህል ያሠሩኛል። እኔም እሠራለሁ፤ እኔም እጠብቃለሁና። ሁለታችንም የወንድሜን ድርሻ ሳንነካ እንነሣለን። ምንዋጋው ሞቶ ቢሆን እናለቅስለት ነበር። መሞቱን ሳናውቅ ማልቀስ ደግሞ ሟርት ነው።

በሃምሳ ዘጠኝ ዓ.ም. መጀመሪያ የአባባ ዓይን ጨርሶ ጠፋ። ብርሃንና ጨለማ እንኳ አይለዩም። ጸበል ሄድን፣ ሰቆጣ ያለው ሐኪም አያቸው፤ ጊዜው አልፏል ተባለ። ባሕረ ሐሳቡን በቃላቸው ስለሚያውቁት ማስተማሩን አልተዉም። ዓይናቸው በመጥፋቱ ሲያማርሩ አልሰማሁም። አንድ ጊዜ ብቻ "ቢመጣም አላየውም ማለት ነው" አሉ። ከዚያ በኋላ ደግመውት አያውቁም።

በስድሳ ዓ.ም. ምትኩ የሚባል የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ከግቢያችን አንዲት ክፍል ተከራየ። የሚያስተምረው ሳይንስ ነው። ማታ ማታ ከአባባ ጋር ይጫወታል፤ እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ይላቸዋል። አንድ ቅዳሜ ስለ ኤሌክትሪክ ሲነሣ አባባ በኩራት፣

"እኔም እኮ የኤሌክትሪክ ሒሳብ ሠርቻለሁ" አሉት። የወንድሜን ደብዳቤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃላቸው አነበቡለት። አንዲት ፊደል አልዘለሉም።

ምትኩ መሬቱ ላይ በእንጨት ጫረና፣ "ዐሥራ ስድስት አምፖል" አለ።

"ሁለት ነው" አሉ አባባ።

"አይደለም የኔታ፣ ዐሥራ ስድስት ነው። ሁለት ዋት ትተርፋለች።"

"እኔም ያልሁት እሱን ነው። ሁለት ትተርፋለች፤ ስለዚህ ሁለት ነው።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አባቴ ሞኝ ባይሆኑም ያቺን ሁለት እንዲህ ነበር የያዟት። ምትኩ ታጋሽ ሰው ነው። ከማድጋው አጠገብ ከነበረው ሽምብራ አንድ ቁና አምጭልኝ አለኝ። ስድስት መቶ ዐርባ ሁለት ቆጥረን በአባባ ፊት ከመርን። ከዚያ የአባባን እጅ ይዞ ዐርባ ዐርባውን በየቦታው አስቀመጠ።

"ይህች አንዲቱ ክምር አንድ አምፖል ታበራለች። ይቺም ሌላ አምፖል ታበራለች። እስኪ ክምሩን ይቁጠሩት፣ የኔታ።"

አባባ በጣታቸው እየዳሰሱ ቆጠሩ። ዐሥራ ስድስት ክምር ሆነ። ቀጥሎ ሁለቱን ትራፊ ሽምብራ አገኙ። በመዳፋቸው ይዘው አገላበጧቸው።

"ስንት ጊዜ እንደ ገደፍሁ ነው የጠየቀኝ" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ፣ የኔታ።"

"የጣልሁት ነው መልሱ።"

ምትኩ ራሱን ነቀነቀ፤ አባባ እንደማያዩት ሲያስታውስ "አዎ" አለ። አባባ ለሁለት ቀን እህል አልቀመሱም። ያን ደብዳቤ ወንድሜ እንዴት አድርጎ እንዳነበበው ሁለታችንም በልባችን አየነው። ልጅ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለአባቱ ቤተ ክርስቲያን መብራት ላምጣ ይላል፤ አባቱ ደግሞ ኃይሉ ለዐሥራ ስድስት የሚበቃውን ሞተር ሁለት ይበቃናል ይለዋል። ባታመጣውም ግድ የለን ማለት ሆነ። ልጁ ታዲያ ምን ብሎ ይምጣ?

አባባ ሁለት ደብዳቤ በምትኩ እጅ አስጻፉ። ዐሥራ ስድስት መሆኑን፣ መሳሳታቸውን ነገሩት። የዓይናቸውን ነገር ግን እንዳይጻፍ ከለከሉ።

"በሐዘኔታ እንዲመጣ አልፈልግም። ከመጣ ስለኔ ብሎ ይምጣ" አሉ።

መልስ አልመጣም። በጥቅምት 1961 ዓ.ም. አንድ ጠዋት አባባ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ደጅ ወጡ።

"በቅሎ ፈልጊ። አስመራ እንሄዳለን" አሉኝ።

የሰባ ዓመት ዓይነ ስውር ይዤ አስመራ! ተቃወምሁ፤ ተጨቃጨቅን፤ በመጨረሻ በቅሎዋን የሳብሁት እኔው ነኝ። በሦስተኛው ቀን ኮረም ደረስን። ከዚያ በአውቶቡስ መቀሌ ገብተን አደርን፤ ከመቀሌም ተነሥተን አስመራ ገባን። መንገዱን ሁሉ አባባ የሚሉትን ለራሳቸው ይቀጽሉ ነበር። "ዐሥራ ስድስት ነው። ሁለቷ ትራፊ ናት። ተሳሳትሁ።" የመጨረሻዋ ቃል ከብዳቸው ነው መሰል፣ እሷን ይደጋግሟታል።

ሱቁን ለማግኘት ብዙ አልተቸገርንም። ከገበያው በስተጀርባ ሞተር የሚጠግን አንድ ሱቅ ብቻ ነበር። በውስጡ ቱታ የለበሰ ሰው ጎንበስ ብሎ የመዳብ ሽቦ ይጠመጥማል። ከዐሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ጀርባውን አይቼ ዐወቅሁት። አዝሎኝ ያደገ ጀርባ ነው፤ እንዴት ይጠፋኛል?

"ምንዋጋው" አልሁ።

ቀና አለ። ሽቦው ከእጁ ወደቀ። መጥቶ አንገቴን አቅፎ ሳመኝ፤ ተላቀስን። አባባን ደጃፉ አጠገብ ከነበረ ሣጥን ላይ አስቀምጫቸው ነበር። ምንዋጋው ወደሳቸው ዞረና ለመቅረብ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ግን ቆመ። አባባ ወደ መንገዱ ዞረው ነበር። በሱቁ ውስጥ አንድ ሞተር እየጮኸ ስለነበር ልጃቸው በየት በኩል እንዳለ አልለዩትም። ቢሆንም ንግግራቸውን ጀመሩ።

"ምንዋጋው፣ ዐሥራ ስድስት ነው። ሁለቷ ትራፊ ናት። የጣልሁትን መቁጠር ሲገባኝ የተረፈውን ያዝሁ። ኦሙም አንድ አይደለም፤ ሰባ አንድ ከሲሶ ነው። ተሳሳትሁ።"

ወንድሜ አንገቱን ደፋ።

"ያን ጊዜውኑ ዐውቄያለሁ፣ አባባ። ኦም አንድ ብለው ሲጽፉ ሣቅሁ። እኔም እኮ ሥራውን ስለምድ ትራፊ እየያዝሁ የሱቁ ጌታ ሲሰድበኝ ከርሜያለሁ።"

እኔ መታገሥ አልቻልሁም።

"ካወቅህ ለምን ቀረህ? ሁለቱ ደብዳቤዎችስ አልደረሱህም?"

"ደርሰውኛል" አለ። ቃሉ ቀስ እያለ ነበር የሚወጣው። "ሞተሩ የኔ አልነበረም። ጌታዬ ለሆሣዕና አውስሃለሁ ብሎኝ፣ ቀኑ ሲደርስ ለሌላ ሰው ሰጠው። ዘጠኝ ዓመት ጠፍቼ ባዶ እጄን ልግባ? አፈርሁ። ያን ጊዜ ደብዳቤውን ደግሜ አነበብሁት። ሁለት አምፖል ይበቃናል ይላል። አባቴ አልፈለገኝም ብዬ ለራሴ ነገርሁት። ውሸት መሆኑን ዐውቃለሁ። አፈርሁ ከማለት አልፈለገኝም ማለት ይቀላል። ከዚያ በኋላማ ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ መልስ መጻፉም ከበደኝ።"

አባባ ወደ መንገዱ እንደ ዞሩ፣

"ሞተሩን ማን ለመነህ? ከዚያ ደብዳቤ እኔ የያዝሁት እመጣለሁ ያልኸውን ነው" አሉ።

ምንዋጋው አያቸው። ፊቱ ጠቆረ።

"ታዲያ እዚህ ድረስ መጥተው አሁንም ፊትዎን ያዞሩብኛል?" አላቸው።

"ልጄ፣ የት እንዳለህ አላውቅም እኮ" አሉ አባባ። "ድምፅህን እየፈለግሁ ነው።"

ወንድሜ ወደኔ ዞረ። ምን እንዳየብኝ አላውቅም። ሄዶ የሚጮኸውን ሞተር አጠፋ፤ ከጠረጴዛው በላይ የተንጠለጠለውን ትልቅ አምፖል አበራ፤ በሽቦው እየሳበ አምጥቶ በአባባ ፊት ያዘው።

"ይኼን አያዩትም፣ አባባ?"

"ይሞቃል" አሉ አባባ። እጃቸውን ዘረጉ፤ አምፖሉን አልፈው ክንዱን አገኙት፤ ከክንዱ ወደ ትከሻው፣ ከትከሻው ወደ ፊቱ ሄዱ። ጢሙን፣ ግንባሩን፣ ጉንጩን በጣታቸው እየዳሰሱ ቆዩ። "ከስተሃል" አሉ። "ፊትህ የልጅ አይደለም።"

ምንዋጋው በጉልበቱ ተንበርክኮ እጃቸውን ይዞ ነበር። ሳያያቸው፣ ወደኔ ብቻ እየተመለከተ፣

"ከመቼ ወዲህ ነው?" አለኝ።

"ሁለት ዓመት ሆናቸው።"

ቁጥር ዐዋቂ አይደለም? ወዲያው ወደ ኋላ ቆጠረ። ሲቆጥር አየሁት። ምን እንደሚጠይቀኝም ዐወቅሁ፤ ባይጠይቀኝ ምንኛ በወደድሁ። ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ተቆጥቼበት ኖሬ፣ እፊቴ ተንበርክኮ ሳየው ግን ቁጣዬ የት እንደ ገባ አላውቅም።

"በዚያ ሆሣዕናስ?" አለ።

ልዋሸው ፈለግሁ። አባባም እንድዋሸው ፈልገው መሰለኝ፣ በሌላው እጃቸው ቀሚሴን ጎተት አደረጉኝ። አፌ ግን እምቢ አለኝ።

"ያን ጊዜ ያዩ ነበር" አልሁት።